ባኞዬን ለላሞች ሰጥቼ ሻወር የገባሁበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት ከላም ውሃ መጠጫ ውስጥ በሰው እርዳታ ወጥቻለሁ።

አዎ፣ እኔ! አስካለ! የስልሳ ስምንት ዓመት ሴትዮ፣ ጡረታ የወጣሁ ታይፒስት፣ የልጅ ልጅ ያየሁ። ሹራቤን ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ የወተት ጆጌን ታቅፌ!

ሻያችሁን ያዙና ተረጋግታችሁ አንብቡ። እኔም ዛሬ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። የነበረኝ ክብር ጠዋት አልቋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባኞ ነው።

ባኞ ስላችሁ መታጠቢያ ቤቱን ማለቴ አይደለም። ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበትን፣ ያንን ትልቅ ነጭ የብረት ገንዳ ነው። ባለቤቴ ታዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሰላ ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሸጠው ሲሄዱ ገዛው። ሌላው ሰው ፍሪጅ ገዛ፣ ሶፋ ገዛ። የእኔ ባል ባኞ በጋሪ ጭኖ መጣ! ፈረሱ ራሱ ዞር እያለ ያየው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በትልቁ ድስት ውሃ አፈላለሁ፣ ባኞው ውስጥ እገለብጠዋለሁ፣ ከቀዝቃዛው ጋር አመጣጥኜ እገባለሁ። አሰላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጭላሎ ተራራ በኩል ያ ንፋስ ሲነሳ አጥንት ነው የሚፈልገው። እኔ ግን እስከ አንገቴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነኝ። ንፋሱ ውጭ ሲፈልገኝ ይዋል!

እንዲህ እያልኩ ልጅ አሳደግኩ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ባሌን ቀበርኩ። ባኞው ግን ነበር።

ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ።

ከፋሲካ በፊት አንድ ቅዳሜ ገባሁ፣ መውጣት አቃተኝ። እንዲሁ አቃተኝ! በቀኝ ብል አይሆንም፣ በግራ ብል አይሆንም። ውሃው ቀዘቀዘ። ለቀቅኩት፣ ፈስሶ አለቀ። ባዶ ገንዳ ውስጥ ፎጣ ደርቤ ቁጭ አልኩ። ሲጨንቀኝ በመስኮቱ ሻምሲያን ጠራሁ።

ሻምሲያ ጎረቤቴ ናት፣ የሐጂ ከድር ባለቤት። ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። እኩያዬ ናት፣ ላሞች አሏት፣ ወተት የምወስደውም ከእሷ ነው። ጩኸቴን ሰምታ መጣች፣ ጎትታ አወጣችኝ፣ አለበሰችኝ። "ወላሂ ለማንም አልናገርም" አለችኝ።

ቤቷ ሳትደርስ አዳማ ላለችው ልጄ ደውላ ነገረቻት!

ልጄ ህሊና በማግስቱ ከች አለች። "እማዬ፣ ወይ ባኞው ይወጣል፣ ወይ አንቺ ትወጪና እኔ ጋ አዳማ ትኖሪያለሽ።"

አዳማ! ያ ሙቀት! አራተኛ ፎቅ ላይ! ከማን ጋር ላወራ ነው፣ ከሊፍቱ ጋር? ሊፍት እንኳ የለውም እኮ!

ባኞው ወጣ።

በምትኩ ሻወር ገባ። ቦይለር፣ አዲስ ሴራሚክ፣ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት። ልጄ ደክማ ነው ያሠራችው፣ አልክድም። ሻምሲያ ደግሞ "ባኞውን ከምትጥይው ላሞቼን ውሃ ላጠጣበት" አለች። ሰጠኋት። ምን አደርገዋለሁ? ጎረምሶች ተሸክመውት በበሩ ሲያልፉ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እዩኝና ሳቁ።

ስለ ሻወር እውነቱን ልንገራችሁ?

ሻወር ማለት ቆሞ መሰደብ ነው። ውሃው ከላይ ይወርድባችኋል፣ መልስ መስጠት የለም። ፊታችሁ ሲሞቀው ጀርባችሁ ይበርደዋል፤ ዞራችሁ ለጀርባችሁ ስታዳሉ ፊታችሁ ያኮርፋል። ሳሙናው ያመልጣል። እሱን ለማንሳት ጎንበስ ስትሉ ውሃው ጆሮ ውስጥ ይገባል።

አንዴ ሞከርኩት። ዓይኔን ስጨፍን ቤቱ ዞረብኝ። ብረቱን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ፣ ሳሙናዬን ሳልለቀለቅ ወጣሁ። ያ ቀን የመጨረሻዬ ሆነ።

ታዲያ እስከ ዛሬ በምን ስትታጠቢ ከረምሽ ትሉኛላችሁ?

በሳፋና በጆግ! ወጥ ቤት ውስጥ!

ልጄ በቪዲዮ ስትደውል ፀጉሬን ቧንቧ ሥር አርጥቤ፣ ፎጣ ጠምጥሜ እቀርባለሁ። "እማዬ፣ ሻወሩ እንዴት ነው?" "ኧረ ግሩም ነው! ነፍስ የሚመልስ ነገር ነው!" እላታለሁ። ደስ ይላታል። እኔም ደስ ስላላት ደስ ይለኛል። እንደዚህ ተደስተን ከረምን።

ወደ ዛሬ ልምጣ።

ጠዋት እንደ ልማዴ ወተት ልወስድ ሻምሲያ ግቢ ገባሁ። እሷ ጓዳ ናት። ከዚያው ሆና "መጣሁ! ተቀመጪ!" ብላ ጮኸች።

ተቀመጪ አለችኝ። ራሷ ናት ያለችው፣ ልብ በሉልኝ!

ዞር ስል ባኞዬ። አጥሩ ሥር፣ ፀሐይ ላይ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ነጭ ሆኖ። ላሞቹ ገና ከበረት አልወጡም። ግቢው ውስጥ ሰው የለም።

ለአንድ አፍታ ብቻ አልኩ።

ዳሩን ይዤ ገባሁ። ቁጭ አልኩ። እግሬን ዘረጋሁ፣ አንገቴን ደገፍ አደረግኩ። ብረቱ ፀሐይ መትቶት ሞቋል። ከላይ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ የሚዞር ቤት የለም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ልነሳ አልኩ።

አዎ። ያው የምታውቁት ነው።

እየታገልኩ ሳለ በረቱ ተከፈተና አንዷ ላም ቀጥ ብላ መጣች። ባኞው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አየችኝ፤ አየኋት። ውሃ አገኛለሁ ብላ መጥታ ጡረተኛ አገኘች! ምን ታድርግ፣ የሹራቤን እጅጌ ትልስ ጀመር።

ይሄ ሳያንስ ከእግሬ ሥር አንድ ነገር "ጉርርር" አለ።

የውሃ ጎማ! ጫፉ ባኞው ውስጥ ተጋድሞ ኖሯል፣ እኔ መች አየሁት! ሐጂ ከድር ላሞቹን ሊያጠጡ ከቤት ጀርባ ቧንቧውን ከፍተዋል። የአሰላ የጠዋት ውሃ በጫማዬ ገባ፣ በቀሚሴ አለፈ፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

"ሐጂ! ኧረ ሐጂ! ይዝጉት!"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ! አስካለ!"

"እትዬ አስካለ፣ የት ነዎት?"

"ባኞ ውስጥ!"

ውሃው ወገቤ ደረሰ።

"...ምን ያደርጋሉ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ የመጣልኝ ይሄ ነው፦

"ወተት ልወስድ መጥቼ ነው!"

ሐጂ ጨዋ ሰው ናቸው። ቧንቧውን ዘግተው መጡ፣ አዩኝ፣ ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ልብስ ለብሻለሁ እኮ! ለሳቸው ግን ገንዳ ውስጥ ያለች ሴት ታጣቢ ናት፣ አለቀ። እንደዚያ ዞረው እንደቆሙ "ሻምሲያ! ኮቱ! ኮቱ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ነይ ነይ ማለታቸው ነው። መሃል መሃል ላይ ለእኔ "አይዞዎት" ይሉኛል። ለአጥሩ እየነገሩ ነበር የሚመስለው።

ሻምሲያ ወጣች። "ያ ረቢ! ማል ታቴ?" አለች። ምን ሆነሽ ነው ያለችኝ። እኔ የወተት ጆጌን ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ከኋላዋ ደግሞ ወተት ልትወስድ የመጣች አንዲት የባንክ ሠራተኛ ልጅ አለች፣ ዩኒፎርሟን ጥርት አድርጋ ለብሳ። ሁለቱ በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው "አንድ፣ ሁለት" ብለው አነሱኝ። ልጅቷ አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ፊቷ ቀልቶ ነው ያነሳችኝ። ከግቢ እንደወጣች ግን አስፋልቱ እስክትደርስ ሳቋ ይሰማኝ ነበር!

ለዚህ ነው ፖስት የማደርገው። ከእሷ ከምትሰሙት ከእኔ ይሻላል።

ሻምሲያ እየተንቀጠቀጥኩ ቤቴ ወሰደችኝ። "ቶሎ ሙቅ ውሃ ግቢ፣ ብርድ ይገልሻል" ብላ የሻወሩን መጋረጃ ሳብ አደረገችው።

አንድ ጆንያ ድንች።

ምን ላድርግ? ቦታው ቀዝቃዛ ነው፣ መጋረጃው ጨለማ ያደርገዋል። ለድንች ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

ሻምሲያ ድንቹን አየችው። እኔን አየችኝ። "የሚታጠበው እሱ ነው?" አለች።

ልስቅ አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣ።

እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥኩ። ልብሴን አውልቃ ጋቢ አለበሰችኝና የፕላስቲክ ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ። "አስኩ፣ ምንድን ነው የምትፈሪው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ነገርኳት። ለልጄም ነግሬያት አላውቅም።

እኔ ስታጠብ ታዬ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጥ ነበር። ጋዜጣውን ያነባል። በየመሃሉ "አለሽ?" ይለኛል። "አለሁ" እለዋለሁ። ሌላ ወሬ የለንም። እሱ ከሄደ በኋላ ባኞው ቀረልኝ፤ ዙሪያውን ይዞኛል፣ ልውደቅ ብል እንኳ መውደቂያ የለውም። ሻወሩ ግን ባዶ ነው። ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ብቻዬን። እዚያ ብወድቅ ማን ይሰማኛል?

ሻምሲያ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሲያበቃ ጆንያውን እየጎተተች አወጣችው። ከዚያ እኔን በአንድ እጇ ደግፋ አስነሳችኝና ዱካውን ከሥሬ ወስዳ ሻወሩ ሥር አስቀመጠችው።

"ቁሚ ያለሽ ማነው?" አለችኝ። "ተቀምጠሽ ታጠቢያ!"

ተቀምጬ!

ወገኖቼ፣ እንደሱ ይቻላል? ስንት ሳምንት ሙሉ ከሳፋ ጋር ስታገል ይሄ ለምን አልመጣልኝም? የሻወሩም ራስ ከመስቀያው ይወርዳል ለካ! ጎማው ረጅም ነው፣ በእጅ ይያዛል፣ የፈለጉት ቦታ ላይ ያፈሱታል። መጀመሪያ እግሬን፣ ከዚያ ጉልበቴን፣ ከዚያ ትከሻዬን። ዓይኔን መጨፈን የለ፣ የሚዞር የለ።

ሻምሲያ በሩን ገርበብ አድርጋ ውጭ ተቀመጠች። "አለሽ?" አላለችኝም። እንደዚያ የምትል ሴት አይደለችም። ምራቷን ማማት ጀመረች! ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ። እኔም ከውስጥ "እንዴ! እሷ ናት እንዲህ ያለችው?" እላለሁ። ፍርሃቱ መቼ ጥሎኝ እንደሄደ አላውቅም።

ሻምፑው አናቴ ላይ ተከምሮ ሳለ ውሃው ሄደ።

አሰላ ነው ያለነው፣ ረስታችሁት ነበር?

"ሻምሲያ! ውሃ ሄደ!" አልኩ። እሷ በሳቅ መንበርከክ ብቻ ነው የቀራት። ከጀሪካን ቀድታ፣ በማንቆርቆሪያ አሙቃ፣ በጆግ እያፈሰሰች አስለቀለቀችኝ። አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለታችንም እንደ ልጃገረድ ስንስቅ ድምፃችን ሐጂ ጋ ደርሶ "ደግሞ ምን ሆናችሁ?" ብለው በአጥሩ ጠየቁ።

ስደርቅ ልጄ ጋ ደወልኩ። ከባንኳ ልጅ መቅደም አለብኝ! ሁሉንም ነገርኳት። ሳፋውን፣ የረጠበውን ፀጉር፣ ላሟን፣ ጆንያውን።



"ድንች?" አለች።

"ድንች" አልኳት።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ያንን ሁሉ ያልኩሽ ፈርቼ ነው።"

"እኔም ፈርቼ ነው" አልኳት።

ከዚያ ስልኩን ለሻምሲያ አሰጠችኝና ሁለቱ ስለ እኔ መከሩ፤ እኔ ያጠፋሁ ተማሪ ሆኜ ከፊታቸው ቁጭ ብያለሁ። ውሳኔው ይሄ ነው፦ አሰላ እቆያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻምሲያ እየመጣች አጠገቤ ትሆናለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር አይቆለፍም። እና የላሞቹ ገንዳ አጠገብ ብቻዬን መቆም ተከልክያለሁ! በዚህ እድሜዬ ሰዓት እላፊ ተጣለብኝ።

ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ካላችሁኝ፣ ብዙም አልተማርኩ። አሁንም ባኞ ይበልጣል እላለሁ። ዱካ ግን ግዙ።

ከሰዓት ውሃው ተመለሰ። ሻምሲያ "እስቲ እኔም ልየው" ብላ ገባች። እሷም ለካ ሻወር ገብታ አታውቅም! ያ ሁሉ የልምድ አዋቂ ምክር ከየት መጣ?

ይሄው ይሄን ሁሉ ጽፌ ጨረስኩ፣ እሷ አልወጣችም። ታንጎራጉራለች። ቦይለሩ ማለቁ አይቀርም። ሐጂም አጥሩ ጋ መጥተው "ሻምሲያ የት ጠፋች?" ብለውኛል፣ አላየኋትም ልል ምንም አልቀረኝ።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ አንዲትን የተከበረች ሐጂያ ከሻወር የማስወጫ መንገድ የሚያውቅ አለ?