ጆሮ አይጠጣም

ሲጋራ ለሳንባ አደገኛ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ይሆናል። ለጎረቤት ግን ከሲጋራው ይልቅ ሲጋራ ያቆመ ሰው የባሰ አደገኛ መሆኑን ፓኬቱ ላይ የጻፈ ሐኪም እስከ ዛሬ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ትናንት ማታ ድረስ ጭሱ ከደረጃው ሲያባርረን የኖረ ሰውዬ፣ ጠዋት ተነሥቶ ስለ ንጹሕ አየር ሊሰብከን እዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ለእኛ፣ ለእስክንድርያ የከርሙዝ ሰፈር ሰዎች፣ የደረሰን ኡስታ ባህጋት ነው፤ ባለእጅን ሁሉ ኡስታ ነው የምንለው። ከፎቃችን ሥር ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ የሰፈሩን ልብስ ሁሉ በካውያ የሚተኩሰው እሱ ነው። በእኛ ቋንቋ ሲጋራ አይጨስም፤ ይጠጣል። ውሃ ይጠጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሲጋራም ይጠጣል። ኡስታ ባህጋት ከሦስቱ የትኛውን አብዝቶ እንደጠጣ ሸሚዞቻችንን አሽትቶ ማወቅ ይቻል ነበር። በረመዳን ሰው ሁሉ በተምር ሲያፈጥር እሱ የሚያፈጥረው በክብሪት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጋቢር ሻይ ቤት፣ ዶሚኖ ላይ ነው። ኡስታ ሳል ይዞት ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳለ። ባለ ሻይ ቤቱ ጋቢር ሚስቱ የሞተችበት፣ ነገር መወርወር የሚወድ ሰው ነው።

«አይዞህ ኡስታ፣ ተረጋግተህ ሙት። ለሚስትህ ለኢንሻራህ እኔ አለሁላት!» አለው።

ሻይ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ኡስታ ባህጋት ጠረጴዛውን በጥፊ መታና ተነሣ። «ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ ከጠጣሁ፣ ኢንሻራህ የተፈታች ትሁን!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሌላው አገር ሰው ሲናደድ በእናቱ ይምላል፤ የእኛ ወንድ በሚስቱ ፍቺ ይምላል። ኡስታ ባህጋት ደግሞ ይህን መሐላ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ምሎ ሁለቱንም አፍርሷል፤ አንዱን በማቀዝቀዣ ምክንያት፣ ሌላውን በሚስቱ እህት ሠርግ ጣጣ። ሁለቱንም ጊዜ ይቅርታ ለምኖ መልሷታል። ሦስተኛው ግን መመለሻ የለውም። ሌላ ባል አግብታ እስካልተፈታች ድረስ ለእሱ እርም ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሁላችንም ዞር ብለን ጋቢርን አየነው፤ ጋቢር ጢሙን አስተካከለ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ስገባ ኡስታ ጆሮው ላይ አንድ ሲጋራ ሽጦ ይተኩሳል።

«ኡስታ፣ መሐላውስ?» አልኩት በድንጋጤ።

«ሙራድ አፈንዲ፣» አለኝ በአክብሮት፣ «‹ከጠጣሁ› ነው ያልኩት። ጆሮ አይጠጣም!»

ከዚያ በኋላ በቀን ስንቴ እንደሰማኋት አልናገርም። ደንበኛ ቀና ብሎ ጆሮውን ካየ «ጆሮ አይጠጣም!»። ጋቢር በሩ ላይ ብቅ ካለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጆሮ አይጠጣም!»። አፉ ሥራ እንዳይፈታ የሐብሐብ ፍሬ ሲከካ ይውላል፤ ቅርፊቱ በሸሚዜ ኪስ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ቀጥሎ አፍንጫው ተከፈተ። ለዓመታት ምንም ሳይሸተው የኖረ ሰው ድንገት ሁሉ ነገር ይሸተው ጀመር፤ የሰፈሩ ክቡር የሽታ መርማሪ አድርጎም ራሱን ሾመ። ደረጃው ሥር ቆሞ «ሦስተኛ ፎቅ! ባሚያችሁ ነጭ ሽንኩርት አንሶታል!» ብሎ ይጮሃል። ጋቢር የሚሸጠው ሻይ ሁለት ጊዜ የተፈላ መሆኑን ከመንገድ ማዶ አሽትቶ አወጀ። ደግሞ እውነቱን ነበር፤ ያ ነው የሚያበሽቀው።

የእኔ ዕጣ የደረሰው ሱሪዬ ላይ ነው። ከስፌት የወጣ ግራጫ ሱሪ ነበር። ልወስደው ስመጣ ካውያው የሱሪው ጭን ላይ ተቀምጦ ጭሱ ይትጎለጎላል። ኡስታ ባህጋት ከላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በረጅሙ ይስባል።

«ሱሪዬን!» ብዬ ጮህኩ።

«ቆይማ አንዴ፣» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሱፍ ነው አይደል? ጥሩ ሱፍ ነው። አፍንጫም አይጠጣም።»

ተናድጄ ነበር። ግን ፊቱን ሳይ ዓይኑ እንቅልፍ እንዳጣ አስተዋልኩ። ከንዴቴ ይልቅ ጉጉቴ አየለ፤ ይህ ሰው እስከ የት ይሄድ ይሆን?

ያን ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ መስጊዱ ገብቶ ከሼክ ዐብዱልሙግኒ ጋር ብዙ ተነጋገረ። ማምለጫ ፍለጋ መሆኑ ገብቶኛል። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን አሉህ?»

«ምን ይሉኛል? መሐላ መሐላ ነው!» ብሎኝ አለፈ።

የባሰው ቀን ቀጥሎ መጣ። ሙቀቱ ከካውያው ጋር አብሮበት፣ ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ፣ ከሱቁ ወጥቶ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። ሲጋራዋን ከጆሮው አወረደ። ከንፈሩ መሃል አደረጋት። ክብሪት ጫረ። እኔ ከሰገነቴ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ማዶ ጋቢርም የሻይ ትሪውን ይዞ ቆሟል። እሳቱ ጣቱ ድረስ ነደደ። ኡስታ ባህጋት ጋቢርን አየ፣ ቀና ብሎ የቤቱን መስኮት አየ፣ ክብሪቱን እፍ አለ።

«ኢንሻራህን ለጋቢር? ሞቼ ነው!» አለና ሲጋራዋን ወደ ጆሮው መለሰ።

አንጀቴን በላው። ሱሪዬን ረስቼ ወደ ሼኩ ሄድኩ፤ ሰውየው ሊሞት ነውና አንድ ቀዳዳ ይፈልጉለት ብዬ ለመንኩ። ሼኩ ግራ ተጋብተው አዩኝ።

«አልነገረህም? ‹ሚስትህን ልትፈታ አስበህ ነው የማልከው፣ ወይስ ራስህን ልታስፈራራ?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹መፍታት በልቤም አልነበረም› አለ። ‹እንግዲያው ሚስትህ አትፈታም፤ መሐላውን ካፈረስከው አሥር ድሃ አብላ› አልኩት። እሱ እቴ! እጄን ይዞ ‹ሼኬ፣ ለማንም እንዳይነግሩ። ቅጣቱ ድሃ ማብላት ብቻ መሆኑ ከታወቀማ፣ በእኔ ሲጋራ እስክንድርያ ውስጥ የሚራብ ድሃ አይቀርም› አለኝ። አንተም ሆድ ይፍጀው።»

ሆዴ ግን አልፈጀውም። ኢንሻራህ በፍርሃት ስታልቅ በሐሳቤ ታየኝና በራቸውን አንኳኳሁ። ምስር እየለቀመች ነበር። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ እቴ፣ ቀናም አላለች።

«ከእሱ በፊት ሼኩ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ፣» አለችኝ። «የጋቢር ሚስት የምሆን እንደሆነ ልብሴን ከመሸከፌ በፊት ማወቅ የለብኝም?»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም? ሰውየው እየተሰቃየ እኮ ነው!»

የምስሩን ትሪ አስቀመጠች። «ሙራድ ወንድሜ፣ ከተጋባን ጀምሮ ያቺ ሲጋራ ትቀድመኝ ነበር። ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚነካው እሷን ነው። ዛሬ ለእኔ ብሎ ተዋት፤ ያውም ሳይገደድ! ይብቃህ፣ ጠጣ ልበለው? ማወቄን እንዳትነግረው፣ በነጅላ ሞት!»

ነጅላ ልጃቸው ናት። አፌን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ስገባ ኢንሻራህ ሻይ ይዛ ወርዳለች። በሌላ እጇ ከኪዮስክ በነጠላ የገዛቻት አንዲት ሲጋራ አለች። ከባሏ ጆሮ ላይ አሮጌዋን አወረደች፤ ትምባሆው ተበታትኗል።

«ላብ አበሰበሳት፣ የነጅላ አባት። ይኸው አዲስ፣» አለችና ጆሮው ላይ ሽጣለት፣ እንደ ሙሽራ አበባ በጣቷ አስተካከለችለት።

ኡስታ ባህጋት ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አፍንጫው ግን ሥራ አልፈታም።

«ሙራድ አፈንዲ፣ ኪስህ ውስጥ የሲጋራ ፓኬት አለ። ይሸተኛል። አታፍርም?»

«ጆሮህ ላይስ ያለው ምንድን ነው?»

«ጆሮ አይጠጣም!» አለ።

«አይጠጣም፣» አለች ኢንሻራህ፣ ፈርጠም ብላ።

ካውያው እንደጋለ ነው፣ አፍንጫውም ጭስ እንደናፈቀ ነው። እኔም በክንዴ ይዣት የመጣሁትን፣ የቀረችኝን አንዲት ደህና ሱሪ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።