ባትሪው የተነቀለበት ባጃጅ

አንባቢ ሆይ፣ የሞተ ዕቃ ካላስነሳ ዕረፍት የሌለው ሰው ገጥሞህ ያውቃል? እኔን ልጄን ሊያገባ መጥቶ ገጠመኝ። ሰዒድ ከጂዳ ወደ ሐይቅ ሲመለስ ያመጣው ወርቅ ሳይሆን የአሮጌ ጌም ማሽን ቦርድ ነው። ሽማግሌ ይዞብኝ በመጣ ቀን እንኳ፣ የቦርዱ ኃይል ሰጪ ስለተቃጠለበት የመጡበትን ባጃጅ ባትሪ ነቅሎ፣ የበየደውን ቦርድ ከቴሌቪዥኔ ጋር አያያዘው።

"ልጄን በምን ልታኖራት ነው?" አልኩት።

"አባባ፣ አንዴ ይብራ ብቻ!"

በራ። ሽማግሌዎቹ ሼሁና ቄሱ ልመናውን ትተው በተራ ይጫወቱ ጀመር። ሰው ለሥራ እንዲህ ቢሻማ የት በደረስን!

ልጄ ከጓዳ ወጥታ ሽቦውን ነቀለችው።

"ያ ረቢ፣ ቦርዴን!" ብሎ ሰዒድ ጮኸ።

"አባባ፣ ለእኔ እንዲህ ደንግጦ ያውቃል? አላገባውም።"

"እውነትሽን ነው ልጄ" አሉ ሼሁ። "ግን ተራው የእኔ ነበርና መልሰሽ ቀጥይልኝ።"