ናፍጣን በናፍጣ ያወገዝንበት ቅዳሜ

ስብሰባ ላይ ሁሉን የሚደግፍ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ነኝ። ቦንጋ ለማስተማር ከተመደብኩ ጀምሮ የአየር ንብረት ኮሚቴ ፀሐፊ ነኝ። እጄ ለድጋፍ ሳይወጣ የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ቅዳሜ ሺሺንዳ አቅራቢያ ባለች መንደር ሕዝቡን ሰብስበን "ከናፍጣ እንላቀቅ" አልን። መንደሯ መብራት ስለሌላት ለማይክራፎኑ ጄኔሬተር ይዘን ሄድን። የሚጠጣው ምን መሰላችሁ? ናፍጣ! ጩኸቱ የጫካውን ጦጣ ሁሉ እስከ ዋጫ ከተማ ሳያሰድድ አልቀረም።

በዚያ ጩኸት መሀል የናፍጣ ወፍጮ ያላቸው እትዬ አስካለ ተነሱ። ማይክራፎን የሰጣቸው የለም።

"የወፍጮው ጭስ በሳል ጨረሰኝ" አሉ። "መሬቴ ወንዝ ዳር ነው። በውሃ የሚሠራ ወፍጮ ትከሉልን፤ ቦታውን በነፃ እሰጣለሁ።"

አጠገባቸው ከተቀመጥኩት ከእኔ በቀር የሰማቸው አልነበረም። ሰብሳቢው "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ነገሩን ማስረዘም አልፈለግኩም።

"ሐሳቡን ይደግፋሉ" አልኩ።

ተጨበጨበላቸው። እሳቸውም ጥያቄያቸው ተቀባይነት ያገኘ መስሏቸው እጅ ነሱ።

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ገበያ አገኙኝ።

"መምህር፣ ወፍጮው መቼ ይመጣል? እኔ እኮ ለቦታው ብዬ የወንዝ ዳሩን ቡና ነቅዬ ጨረስኩ።"

ሊነቀል የማይገባው ቡና! እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "በሂደት ላይ ነው" የሚል ሆነ።

እትዬ አስካለ አመሰገኑኝ። ምናለ ሰድበውኝ በሄዱ!