የልምምዱ ተጎጂ

(ባለ አራት ፎቅ የቢሮ ሕንጻ፣ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር። የሕንጻው የደኅንነት ኃላፊ ከሦስት ቀን ሥልጠና ከተመለሰ ወዲህ እግሩ መሬት አልረገጠም፤ አሁንማ ጭራሽ ወንበር ላይ ወጥቶ «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የሚል ምልክት በር አናት ላይ ይለጥፋል። ዘበኛው ወንበሩን ይዞለታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ልምምዱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ካላማራቸው ሕንጻው ይታሸጋል።)

ዘበኛው፦ ጋሼ፣ ኧረ ይስሙኝ! ይሄ እኮ የጽዳት ዕቃ ክፍል ነው።

ኃላፊው፦ የሕንጻው ካርታ መውጫ ነው ይላል።

ዘበኛው፦ ካርታው እዚህ ባልዲ አስቀምጦ አያውቅማ! ደረጃው በዚያኛው ጫፍ ነው።

ኃላፊው፦ አንተ ስንት ቀን ሠለጠንክ?

ዘበኛው፦ እኔማ ምን ሠለጠንኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ቆሜ...

ኃላፊው፦ የቆመና የሠለጠነ አንድ አይደለም! ይልቅ ሥራህን ስማ። ፊሽካ ስነፋ «እሳት!» ብለህ ትጮሃለህ።

ዘበኛው፦ የት ነው እሳቱ?

ኃላፊው፦ የለም።

ዘበኛው፦ ታዲያ ልዋሽ?

ኃላፊው፦ ልምምድ ነው ሰውዬ! ቀጥሎ «አትደንግጡ!» ትላለህ፤ በኃይል ጮኸህ።

ዘበኛው፦ እየጮህኩባቸው ነው የማይደነግጡት?

ኃላፊው፦ (ላቡን ይጠርጋል) ከዚያ ሁሉንም ወደ መሰብሰቢያ ነጥብ ትወስዳለህ። መኪና ማቆሚያው ላይ በቀለም ምልክት አድርጌያለሁ።

ዘበኛው፦ አይቻታለሁ። ግን ጋሼ፣ ነጥቧ እንኳን ለስልሳ ሰው ለኔ ለአንድ እግሬም አትበቃም።

ኃላፊው፦ ነጥቡ ላይ አይቆምም፣ ዙሪያውን ነው! ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ከዚያ ሰው ትቆጥራለህ። የጎደለ ካለ ለእሳት አደጋ ሰዎቹ ትናገራለህ። ገባህ?

ዘበኛው፦ ገብቶኛል። እርስዎስ?

ኃላፊው፦ እኔ መጨረሻ ነው የምወጣው። የመርከብ ካፒቴን እንደዚያ ነው።

ዘበኛው፦ ካፒቴኑ አብሮ አይሰጥምም እንዴ?

ኃላፊው፦ ዝም በል!

(ሰዓቱ ደረሰ፤ ፊሽካው ተነፋ። ዘበኛው እንደታዘዘው ጮኸ። ሠራተኛው ሁሉ ምልክቱን ዞር ብሎ ሳያይ ዘበኛውን ተከትሎ በደረጃው ወረደ። ኃላፊው ኮሪደሩ ባዶ መሆኑን አረጋገጠና ደረቱን ነፍቶ በራሱ መውጫ ገባ። በሩ ከኋላው ጠቅ ብሎ ተዘጋ። በውስጥ በኩል እጀታ የለውም። ታች መኪና ማቆሚያው ላይ የእሳት አደጋ ቡድኑ መሪ ሰዓቱን እያየ ወደ ዘበኛው ቀረበ።)

መሪው፦ አራት ደቂቃ! ግሩም ነው። ሁሉም ወጡ?

ዘበኛው፦ አንድ ሰው ይጎድላል።

መሪው፦ የት ሊሆን እንደሚችል ትገምታለህ?

ዘበኛው፦ መገመት ምን ያስፈልጋል? ሦስተኛ ፎቅ፣ የጽዳት ዕቃ ክፍል።

(እየሮጡ ይወጣሉ። በሩ ከውስጥ ይደበደባል።)

ኃላፊው፦ (ከውስጥ) የሰው ያለህ! አየር አጠረኝ! የሳሙናው ዱቄት ዓይኔ ገባ! እናቴ ድረሽልኝ!

መሪው፦ (በአድናቆት) ይሄን ያህል ተዘጋጅታችኋል? ተጎጂ የሚሆን ሰው ሁሉ ደብቃችሁ?

ዘበኛው፦ (አሰብ አድርጎ) እ... አዎ፣ ደብቀናል።

(መሪው በሩን ይበረግደዋል። ኃላፊው አንድ እግሩ ባልዲ ውስጥ እንደገባ፣ እንባና ንፍጡ ተቀላቅሎ እየተንገዳገደ ይወጣል።)

መሪው፦ እንባው የእውነት ነው እኮ! ከቲያትር ቤት ነው ያመጣችኋቸው?

ዘበኛው፦ ኧረ የኛው ሰው ናቸው። ሥራ ከያዙ እንዲህ ነው፣ ለነፍሳቸው አይሳሱም።

ኃላፊው፦ (እየተንተባተበ) እኔ... እኔ እኮ የሕንጻው...

ዘበኛው፦ (በሹክሹክታ) ጋሼ፣ ተጎጂ አያወራም። ይተኙ።

(ኃላፊው ወለሉ ላይ ዝርግት ይላል።)

መሪው፦ በቃ፣ ሕንጻው አልፏል! ስማ፣ በሚቀጥለው ወር ወንዝ ዳር የጎርፍ ልምምድ አለን። እኚህን ሰው ብታውሱን?

ዘበኛው፦ ደስ እያለን! ግን ዋና አይችሉም።

መሪው፦ እሰይ! እኛንም የቸገረን እሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ያመጣናቸው ሁሉ እየዋኙ ወጡብን።