ጨዋ ተከራይ

አንዳንድ ሰው የሰውን ጠባይ ለማወቅ አብሮ መብላት፣ አብሮ መክረም ያስፈልጋል ይላል። ዝም ብሎ ልፋት ነው። የእኛ ሰፈር ሰው የሴት ልጅን ጠባይ ከወገቧ በታች አይቶ ይጨርሳል። ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷን ከሸፈነ ጨዋ ናት፤ ሱሪ ካደረገች ደግሞ፣ በቃ፣ እናቷን አስለቅሳ የወጣች ናት። ምን ተማረች፣ ምን ትሠራለች ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዲያውም በድሮው አማርኛ "ጨዋ" ማለት ያልተማረ ማለትም ነበር። እኔ ምንም አላልኩም።

የእህቴ ልጅ ማህሌት ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ሥራ አገኘችና ቤት ፍለጋ ጀመርን። በዚህ ጊዜ እዚህ አካባቢ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። እንደ ምንም ደላላው ቂርቆስ አንዲት ደህና ክፍል አገኘልን። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ "ሴት ብቻ ነው የማከራየው" ብለዋል። ማህሌት ሴት ናት፤ እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ ጂንስና ስኒከር አድርጋ፣ ጸጉሯን ቆርጣ መሄዷ ነው። እትዬ አስካለ ከጫማዋ ተነስተው እስከ ጸጉሯ፣ ከጸጉሯ ተመልሰው እስከ ጫማዋ አዩዋትና "ተይዟል፣ ልጄ" አሉ።

ሌላ ቤት ጠፋ። ቢቸግረኝ በሳምንቱ የራሴን ረጅም ቀሚስ አለበስኳት፣ ነጠላ አከናነብኳትና ይዣት ሄድኩ። የተያዘው ቤት ተለቆ ጠበቀን። እትዬ አስካለ ደስታቸውን አልቻሉትም።

"እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ ስፈልግ ነው የከረምኩት። በቀደም አንዷ ሱሪዋን ወጥራ መጥታልኝ!" ብለው ማህሌትን ለማህሌት አሟት።

ማህሌትም አንገቷን ደፍታ "ወይ ጉድ፣ ትውልዱ እኮ ተበላሽቷል፣ እማማ" አለች። እኔ ሳቄን ለመያዝ ግድግዳውን አደነቅኩ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ጠዋት በቀሚስ ትወጣለች፣ ቢሮ ስትደርስ ሱሪ ትቀይራለች፣ ማታ ቀሚሷን አጥልቃ ትገባለች። ሰው ሁለት ሥራ ይይዛል፣ እሷ ሁለት ልብስ ያዘች። ታክቷት ነበር፤ ግን ቤት ነውና ቻለችው። እስኪያጯት ድረስ ማለቴ ነው። እትዬ አስካለ አንድ እሑድ እኔ ቤት ድረስ መጥተው፣ ማህሌት አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች፣ ለልጃቸው ሽማግሌ ሊልኩ እንደሆነ አበሰሩኝ። እንዲህ ያለች ጨዋ ከእጃቸው እንድትወጣ አልፈለጉም።

"እማማ፣" አለች ማህሌት፣ "አሁን ማግባት አልፈልግም። ደግሞ ያቺ በሱሪ የመጣችው እኔ ነኝ።"

 እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። "ለካስ ከሁለታችሁ ጨዋዋ ያቺኛዋ ኖራለች። እሷ እንኳ ሰው አላታለለችም። ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂልኝ" አሉ።

አሁን ማህሌት እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ታድራለች። ክፍሉ ወዲያው ለአንድ ወንድ ልጅ ተከራየ። "ሴት ብቻ አልነበረም እንዴ?" ብዬ ደላላውን ብጠይቀው፣ "እሳቸው ናቸው ወንድ ምን አለበት ያሉት" አለኝ። ልጁ ቤቱን ሊያይ የመጣው በቁምጣ ነበር። ጉልበቱን ዞር ብሎ ያየለት የለም።