ጋሽ ኮርሳ እና የቀመሪያ መኪና

በአዲስ አበባ የመኪና ኮፈን ተከፍቶ ሰው የማይሰበሰብበት ሰፈር የለም። ከተሰበሰቡት መሃል ደግሞ አንዱ ሳይጠሩት ቀድሞ የደረሰ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ አንገቱን ዘንበል ያደረገ የመኪና ሐኪም ነው። የመካኒሳው ሐኪም ክቡር ጋሽ ኮርሳ ነው። መኪናም መንጃ ፈቃድም ኖሮት አያውቅም። ጆሮ ግን አለው።

«ዝም በሉ፣ ትናገር» ይላል። ሞተር ሁሉ ለእሱ ሴት ናት።

በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤቱ ቀመሪያ ይህን ጆሮ በደንብ ታውቀዋለች። አንድ ቀን ከአጥር ወዲያ የሚንጓጓ ድምፅ ሰምቶ የጭነት መኪና ኩሽኔታ ተበልቷል ብሎ አወጀ። ቢታይ ወፍጮ ቤት ነው። እሱ ግን ወፍጮም ኩሽኔታ አለው ብሎ ኮራ ብሎ ሄደ። ብስራተ ገብርኤል አጠገብ የሙሽራ መኪና አስቁሞ ማርሹን ካልመረመርኩ ያለውንም ሰፈሩ እስከዛሬ ያወራል።

አሁን ግን የታመመችው የራሷ መኪና ናት። በርበሬ ነግዳ የገዛቻት አሮጌ ኦቶማቲክ። ቀመሪያ መንዳት የተማረችው ልጆቿን ድራ ከጨረሰች በኋላ ነው፤ ከዘር ማንዘሯ መሪ የጨበጠች ሴት እሷ ብቻ ናት። ያቺ መኪና ሰሞኑን ከለቡ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ታመነታለች። ነዳጅ ብትረግጥ ብትረግጥ ጉልበት የላትም፤ ሚኒባሱ ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋታል። ጋሽ ኮርሳ በመጀመሪያ ፊልትሮ ነው አለ፣ ተቀየረ። ካንዴላ ነው አለ፣ ተቀየረ። በመጨረሻ ጋራዥ ወሰደቻት። እዚያም ኮፈኑን ከፍተው አይተው የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ አልቋል፣ ሳይብስ ሽጫት አሏት። ደላላው ነገ ገዢ ይዞ ሊመጣ ነው። ቀመሪያ በርበሬዋን ተሸክማ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆም ከወዲሁ ታያት።

ጋሽ ኮርሳ ለመጨረሻ ጊዜ ላያት ብሎ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ለሜሳና ጎረቤቱም ለሳቅ ተዘጋጅተው ከበቡ። ክቡርነቱ በሩን ከፍቶ ወለሉን ሲያይ ጫማውን አወለቀ። ምንጣፉ እንደዚያ ያማረ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የነዳጁን ፔዳል በካልሲው ረገጠ። ጎንበስ ብሎ የምንጣፉን ጫፍ ገለጠ። ከስሩ ሌላ ምንጣፍ፣ ከዚያም ስር ሌላ።

ቀመሪያ ፊቷ ጋለ። የሳሎኗ ምንጣፍ በተቀየረ ቁጥር ትራፊውን ቆርጣ ለመኪናዋ ታለብሳት ነበር። የቀድሞውን አውጥቶ መጣል የመኪናዋን ክብር መንካት ስለመሰላት በላዩ ላይ ነው የምታነጥፈው። ፔዳሉ መሄድ የሚገባው ድረስ የማይሄደው ለዚህ ነው።

ጋሽ ኮርሳ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ሰዓት ይኸው ነበር። ቀና ብሎ አያት። የገለጠውን ምንጣፍ ወደ ቦታው መለሰው።

«ሂዱ እናንተ፣ ከባድ ነገር ነው» አለ።

ሰው ሲበተን ምንጣፎቹን ጠቅልሎ ኋላ ጫነና ከጎኗ ተቀመጠ። የለቡን ዳገት መኪናዋ ሚኒባሶቹን እያለፈች ወጣችው። ቀመሪያ እየሳቀች አለቀሰች።

በማግስቱ ደላላውን አሰናበተችው። ለሜሳ መኪናዋ በምን እንደዳነች ሲጠይቅ፣ ጋሽ ኮርሳ አየር ገብቶባት ነበር ብሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ አደረገ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሁሉ ጆሮ ያመጣው አየር ነው አሉ። 

ቀመሪያ አላስቻላትም። ከመኪናዋ ኋላ ምንጣፎቹን አወጣችና አንድ በአንድ አጥሩ ላይ ሰቀለቻቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ጋራዥ ያላየውን ያገኘው ጋሼ ነው። እኔን እንዳታሳፍሩኝ ብሎ ነው ዝም ያለው።»

ለሜሳ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሽ ኮርሳ እጁን አነሳ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር፤ ደረቱ ግን ሸሚዙን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው።

«ዝም በሉ» አለ፣ «ትናገር።»