ሁለት ቀለበት፣ አንድ ጣት

ሀብል፣ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ ሁሉም አፍ አላቸው። እናንተ ዝም ብላችሁ መንገዳችሁን ስትሄዱ እነሱ ስለ እናንተ ያወራሉ፤ ያገባች ናት፣ ያላገባች ናት፣ ደኅና ሰው ነው፣ ቀብራራ ነው። ሰው ቢያወራባችሁ ማስተባበል ይቻላል። ከገዛ ጣታችሁ ጋር ግን እንዴት ትከራከራላችሁ?

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነኝ። ቃል ሁሉ ፊደል በፊደል በእጄ ስለሚያልፍ ንግግር አላበዛም። ሚስቴ ዘነበች በዚህ ትስቅብኝ ነበር፤ «አንተን ከማናገር ደብዳቤ መጻፍ ይሻላል» ትለኝ ነበር። ልጃችን ሰናይት ሁለት ወር ሲሆናት ዘነበች ታማ ሞተች። ሰባት ወር ሆነ። ሕፃኗ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ከአያቷ ከእማማ በላይነሽ ዘንድ ናት፤ እኔም ከሥራ ስወጣ እዚያው ነኝ። እማማ በላይነሽ ገና በቀብሩ ሰሞን ቁርጡን ነግረውኛል። «እስክታገባ ድረስ ልጅቷ የሁለታችን ናት። የእንጀራ እናት በመጣች ዕለት ግን ይዣት አገሬ እገባለሁ።» አገራቸው መንዝ ነው። ለአባት ሩቅ ነው።

ከዘነበች ዕቃ አንድ ነገር በየቀኑ ማድረግ ፈለግሁ። ብታስቡት ቀላል አይደለም። ማተቧና መስቀሏ አብረዋት ተቀብረዋል። ጉትቻዋን ወንድ አያደርገውም። የጋብቻ ቀለበቷ ቀረ፤ እሱም ከትንሿ ጣቴ የመጀመሪያ አንጓ አላልፍ አለ። በክር አንገቴ ላይ ባንጠለጥለው፣ ሥራዬ ማጎንበስ ነውና፣ ቀኑን ሙሉ ከፊደል ሳጥኑ ጋር እየተጋጨ ዋለ። በመጨረሻ የሷንም የኔንም ቀለበት ይዤ ፒያሳ፣ አንጥረኛው አቶ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ።

«አንድ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ጥቁር ሸሚዜን፣ ያልተላጨውን ጢሜን። የሌላ ሰው ወርቅ እንዳይቀላቀልበት እስኪቀልጥ ድረስ ቆሜ ጠበቅኩ። የከሰሉ ጭስ ዓይኔን ትንሽ አስቸገረኝ። ወርቅ ከቀለጠ በኋላ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም፤ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር።

ስህተቴ ምን መሰላችሁ? ሲጨርሱ «ልወልውለው?» ቢሉኝ «እሺ» ማለቴ።

ጣቴ ሁልጊዜ በማተሚያ ቀለም የጠቆረ ነው። እዚያ ላይ የተወለወለ ወርቅ አስቡት። ከሱቁ ወጥቼ ጥቂት ሳልራመድ አንድ የማውቀው ልብስ ሰፊ «እንኳን ደስ ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ጓደኛው ደግሞ ተከተለ፤ «ጥቁሩን እንኳ ሳታወልቅ? አንተስ ፈጣን ነህ!» ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ባርኔጣዬን አንስቼ አለፍኩ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ወሬው ቁልቁለቱን ወረደ።

ማታ ስደርስ ሳይሆን ገና ለምሳ ብቅ ስል፣ እማማ በላይነሽ የሕፃኗን ልብስ በአንሶላ ቋጥረው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አሳየኝ» አሉ።

አሳየኋቸው።

«ማናት?»

«የዘነበች ቀለበት ነው፣ እማማ። ከኔው ጋር አቅልጬው ነው።»

«የልጄን ቀለበት አውቀዋለሁ። ቀጭን ነው፤ ጎኑ ተጭሯል። ይሄ አዲስ ነው። ዓመቷ ሳይደርስ ደግሞ ትዋሸኛለህ?»

ምን ላሳያቸው? ማስረጃዬን ገንዘብ ከፍዬ አቅልጬዋለሁ።

«አንጥረኛውን ይጠይቁት» አልኩ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሕፃኗን አዘሉ፣ ዳገቱን ወጣን።

አቶ ተክሌ ነገሩን ሰምተው መዶሻቸውን አስቀመጡ። «እሜቴ፣ ይህ ሰው ወርቁ ሲቀልጥ እዚህ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ነበር። በዚህ ሥራ ስንት ሙሽራ አይቻለሁ። ቀለበት ሲያሠራ የሚያለቅስ የለም፤ የሚያለቅሰው ካገባ በኋላ ነው።»

ስለ ጭሱ የነገርኳችሁን እርሱት።

እማማ በላይነሽ አልሳቁም። ሕፃኗን ከጀርባቸው አውርደው አቀፏት፤ ቀለበቱን እንደገና አዩት። ሰናይት ጥርስ ልታወጣ ስለሆነ ያገኘችው ሁሉ ወደ አፏ ነው። ጣቴን ሳበችና ቀለበቱን በድዷ ነከሰችው። ቀለሙን እንዳትውጥ እጄን ልነጥቃት ስል እማማ በላይነሽ ክንዴን መታ አደረጉኝ።

«ተዋት» አሉ። «የእናቷ ነው።»

ሲመለሱ ጉልበታቸውን አመማቸው። ሕፃኗን ጀርባዬ ላይ አስቀምጠው በገዛ ነጠላቸው አሰሩልኝ። ጢሙን ያሳደገ ወንድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጅ አዝሎ ጎንበስ እንዳለ ከፒያሳ ሲወርድ አስቡት። ሰው ሚዛኑንም መቀሱንም እየጣለ በየበሩ ወጣ። አራዳም የቀለበቱን ወሬ በዚያው ተወው፤ የተሻለ አገኘ።